እሾህ ሲወጋን ማን ይደርስልናል?

በባላገር ያደገ ሰው ሆኖ እግሩን እሾህ ያልወጋው አይገኝም። እሾኹ ከገባ በኋላ ስፍራው ይቀላል፥ ይሞቃል፥ ያብጣል፤ ሰንበት ሲልም መግል ይቋጥራል። ብዙዎቻችን ይህን ስናይ «ደሜ ተበላሸ» እንላለን። ነገሩ ግን መበላሸት ሳይሆን የዘበኞች ሥራ ነው።

ይህን ምስጢር የገለጠው ኢልያ ሜችኒኮፍ የተባለው የሩሲያ ሊቅ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1882 ዓ.ም. በሲሲሊ ደሴት በመሲና ሳለ፥ ቤተ ሰቡ ሰርከስ ለማየት በሄደበት ቀን እርሱ ከማይክሮስኮፑ ጋር ቀረ። የባሕር ኮከብ በሚባለው እንስሳ እጭ ውስጥ፥ ገላው እንደ ብርጭቆ ያሳያልና፥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። በማግሥቱ ማለዳ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾኹን ከብበውት አገኘ። በ1908 ዓ.ም. ከፓውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

በእኛም ገላ ይኸው ይፈጸማል። የቈሰለው ሥጋ የጥሪ ምልክት ይልካል፤ ኔውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደም ሥር ሾልከው ይደርሳሉ። ጀርሙን ገላቸውን እንደ ክንድ ዘርግተው ያቅፉታል፥ በውስጣቸው በከረጢት ይከቱታል፥ በመርዝም ያሟሙታል። ብዙዎቹ እዚያው ይሞታሉ፤ መግል የምንለው በአብዛኛው የእነርሱ ሬሳ ነው። ኋላም ማክሮፋጅ የሚባሉት ትልልቆቹ መጥተው ሬሳውንና ፍርስራሹን ይውጣሉ፤ ለአዲስ ሥጋም ስፍራ ያዘጋጃሉ።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘሁትም። አባቴ የስኳር በሽታ አለባቸው። ስኳር በደም ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሲበዛ የእግር ነርቭ ይደነዝዛል፤ ነጭ ሕዋሳትም ለመድረስና ለመዋጥ ይሰንፋሉ። ሐኪሙ ይህን ሲያስረዱን አባቴ ፈገግ ብለው፥ «እንግዲያስ ዘበኞቼ ካንቀላፉ እኔው ልጠብቅ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እግራቸውን ይታጠባሉ፤ ታናሽ እኅቴም በመብራት ትመለከትላቸዋለች። ባለፈው ክረምት ከተረከዛቸው አጠገብ እርሳቸው ያልተሰማቸውን እሾህ ያየችው እርሷ ናት። በማግሥቱ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ ቍስሉ ቀስ ብሎ ዳነ፥ እግራቸውም ተረፈ።

አንባቢ ሆይ፥ መግል ስታይ አትጸየፍ። ነገር ግን ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም ትኩሳት ከተከተለ ዘበኞቹ ረዳት ፈልገዋልና ወደ ሐኪም ፍጠን። በቤትህም የስኳር በሽታ ያለባቸው ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካሉ፥ «አላመመኝም» ቢሉህም እንኳ፥ እግራቸውን ዛሬ ማታ ተመልከትላቸው።