የእናቴን እቁብ የበላው ሳይክል

ከገርጂ ፒያሳ በታክሲ ሰልፍ እየተመላለሰ የሚሠራ ሰው ሕመሜ ይገባዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ወጥቼ ሦስት ሰዓት ስደርስ አለቃዬ ሰዓቱን እያየ ይጠብቀኛል። ሲመረኝ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ አሮጌ ሳይክል በርካሽ ገዝቼ ኤሌክትሪክ ሞተር ላስገጥምለት! ሞተሩ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ባለ ዳገት ከተማ ናት፤ እንደ ባሕር ዳር ሜዳ ብትሆን ኖሮ እግሬ ይበቃኝ ነበር።

ገንዘቡስ ከየት? እናቴ እቁብ ደርሷት ነበር። «እማዬ፣ አበድሪኝ፣ በስድስት ወር እመልሳለሁ» አልኳት። ምንም ሳትጠይቅ ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ።

ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? መርካቶ ሄጄ መጀመሪያ ያየሁትን፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ኒኬሉ የሚያብለጨልጭ የድሮ ሳይክል ገዛሁ። ሻጩ «የጣልያን ነው፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ድሮ ቀረ!» አለኝ። እናንተም ብትሆኑ ታምኑት ነበር፤ አፉ ማር ነው።

የሰፈራችን መካኒክ ኒኬሉን ዞር ብሎም አላየው። ጎንበስ ብሎ ከመሪው ስር፣ ቧንቧዎቹ የሚገናኙበትን ቦታ ፋቅ ፋቅ አደረገ። ከቀለሙ ስር የብየዳ ጠባሳ! «ይሄ ተጋጭቶ የተበየደ ነው። ሞተርና ባትሪ ጭነህበት ቁልቁለት ብትወርድ ጥርስህን ከአስፋልት ላይ ትለቅማለህ» አለኝ።

ማታ እናቴ «ሳይክሉስ?» ስትለኝ «ጋራዥ ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም።

አንድ ጓደኛዬ «ቀለም ደርብበትና ሽጠው» ብሎ መከረኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለት ቀን አሰብኩበት። ግን የሌላ ሰው ጥርስ ታየኝ። መሪውንና ኮርቻውን ፈትቼ አስቀረሁ፤ የቀረውን ቁራሌው በኪሎ ወሰደው።

ሁለተኛ ጊዜ መካኒኩን አስከትዬ፣ ማግኔትና ሜትር በኪሴ ይዤ ሄድኩ። ከኋላ ጎማ መሐል የሚገባው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ 135 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈልጋል። በድሮ ሳይክሎች ላይ ይህ ክፍተት 120 ወይም 126 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ፍሬሙ ማግኔት ከያዘ ብረት ነው፤ የሚያውቅ ሰው ቀስ አድርጎ ይከፍተዋል። አልሙኒየም ከሆነ ግን አትሞክሩት፣ ይሰነጠቃል። ሻጮቹ «ልብስ ሰፊ ነህ እንዴ?» እያሉ ሳቁብኝ፤ ይሳቁ።

ፍሬን ላይ ደግሞ አደራ። ቸርኬው ኒኬል የተነከረ ብረት ከሆነ ዝናብ ሲነካው ፍሬኑ ይንሸራተታል። እኔ ከሞተሩ በፊት አልሙኒየም ቸርኬና አዲስ የፍሬን ጎማ ነው የገዛሁት። ኮርቻው ዝጎ ተጣብቆ እንደሆነም እዚያው ነቅነቅ አድርጋችሁ እዩ።

የወሰድኩት ቀለሙ የተላጠ፣ መልከ ጥፉ፣ ግን ፍሬሙ ቀጥ ያለ ሳይክል ነው፤ ዋጋው ከቀዩ ግማሽ አይሞላም። እናቴ ግን አየችው። «ያ ቀዩስ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ጀበናዋን እያየች ዝም ብላ ቆየችና «ጥርስህ ይሻለኛል» አለችኝ። ከዚያ «ስድስት ወር ግን ስድስት ወር ነው» ብላ ቡናዋን ቀዳች።

ሞተሩ ገና አልተገዛም፤ ዕዳው ይቅደም ብያለሁ። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት የፒያሳን ዳገት ሳይክሌን እየገፋሁ እወጣለሁ።