ሞተር ስንመርጥ

ሦስት ወር ሙሉ ሞተር ስንመርጥ ከረምን። ለሙሽራ እንኳን ይህን ያህል ሽማግሌ አይቀመጥም። እኛ ማለት አራት እህትና ወንድም፣ አንድ አባት እና ሶማሌ ተራ ያደገ አንድ መካኒክ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን አንዲት የ1987 ሞዴል ላንድክሩዘር ፒካፕ አለች። ከታላቅ ወንድማችን በቀር ሁላችንንም በዕድሜ ትበልጠናለች። ከደጀን ጤፍ እየጫነች አዲስ አበባ ስታስገባ ኖራለች። የትምህርት ቤት ክፍያችን፣ የአንዳችን የጋዜጠኝነት ዲግሪ (ማን እንደሆነች አንናገርም)፣ የእማማ መድኃኒት፣ ሁሉም ከእሷ ጀርባ የወረደ ነው።

አምና ግን ደከመች። ሞተሯ ስሪ ቢ የሚባለው ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ 3.4 ሊትር፣ በደህና ጊዜው ወደ 90 የፈረስ ጉልበት። ከደጀን ወርዳ፣ የዐባይን ድልድይ ተሻግራ ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጣ በአንደኛ ማርሽ ጥቁር ጭስ እየተፋች ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ዳገት። ከኋላዋ የሚሰለፈው ሾፌር በጡሩምባ የሚሰድበንን ስድብ እዚህ አንጽፈውም። አዲስ መኪና እንዳንገዛ ደግሞ ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመኪና ዋጋ መጠየቅ ራሱ ድፍረት ሆኗል። ስለዚህ ሞተር እንቀይር ተባለ።

ክርክሩ ተጀመረ። ታናሽ ወንድማችን (ቪዲዮ ሲያይ የሚያድረው) ቪ ኤይት ካልሆነ አለ። 4.5 ሊትር፣ ቱርቦ ያለው። መካኒኩ ሳቀ። «እሱ ብቻውን አይመጣም፤ ኮምፒውተሩ፣ ሽቦው፣ ካምቢዮው ይከተለዋል» አለው። የሒሳብ ሠራተኛዋ እህታችን ያለውን ሞተር እናሳድስ አለች። ዲግሪያሟ ደግሞ የሰው ምክር ሁሉ ደብተር ላይ እየጻፈች «ዋን ኤች ዲ ቲ» የሚል ነገር ይዛ መጣች፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ከነቱርቦው።

ቱርቦ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል እዚህ ያጣል። ቱርቦ ግን አየሩን አፍኖ ስለሚያስገባ ከፍታው ያን ያህል አይጎዳውም። መካኒኩ ይህንን አመነ። ቀጥሎ ግን «የመጀመሪያዎቹ ዋን ኤች ዲ ቲ የቢዬላ ኩሽኔታቸው ቶሎ ይበላል። ያገለገለ ስትገዙ ያ ይቀየር አይቀየር በምን ታውቃላችሁ?» አለ። ዝም አልን።

ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ። «ስለ ዳገቱ ብቻ ነው የምታወሩት። ስትወርዱስ?»

ታላቅ ወንድማችን መሬት መሬት አየ። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት አምሽቶ ገብቶ «ጎማ ፈንድቶብኝ ነው» ብሎን ነበር። ጎማ አልነበረም። ድልድዩ ጋ ሊደርስ ሁለት ኩርባ ሲቀረው የፍሬን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ገባ። በከባድ ማርሽና በእጅ ፍሬን እየያዘ ከገደሉ ግድግዳ ጋር አስጠግቶ አቆማት። አሥር ኩንታል ጤፍ ከኋላው ነበር። እኛ በዚያ ሌሊት ራት በልተን ተኝተናል።

መካኒኩ እንደነገረን የፍሬን ዘይት ሲያረጅ እርጥበት ይስባል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፤ የፈላው አረፋ ደግሞ አይገፋም። አባባ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «እኔ ሃያ ዓመት በደህና የወረድኩት ሞተሯ ስለማያስቸኩለኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ ምርጫው ቀለለ። ዋን ኤች ዜድ ገዛን። እሱም 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ነው፤ ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። በወረዳው መንገድ የምታዩዋቸው ብዙ የላንድክሩዘር አምቡላንሶች በእሱ ነው የሚሄዱት፤ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። ፋብሪካው ራሱ በኋላ ያንኑ የመኪና ዓይነት ከዚህ ሞተር ጋር አውጥቶታል፤ ስለዚህ ሻንሲ መቁረጥ አላስፈለገም። 130 ገደማ ነው የሚባለው ጉልበቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከ100 ብዙም አይርቅም። ይበቃናል።

የዕቁቡ ገንዘብ ግን ሁሉም ለሞተር አልሄደም። ፍሬኑ በሙሉ ታደሰ፤ ራዲያተሩና ፍሪሲዮኑ ተቀየሩ፤ ከባዱን ሞተር እንዲሸከም የፊቱ ባሌስትራ ተጠናከረ። በሰነዱም አልቀለድንም። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የተጻፈ ነገር ስለሆነ የጉምሩክ ወረቀት የሌለውን ርካሽ ሞተር ትተን ወረቀት ያለውን ወሰድን። ታናሻችን ለቪ ኤይቱ አንድ ሳምንት አኮረፈ።

የመጀመሪያው ጉዞ ቀን ማንም ሥራ አልሠራም። ወንድማችን ማታ ሲገባ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ እንደወጣው ሊነግረን ቸኩሎ ነበር። አባባ አላስጨረሱትም።

«ስትወርድስ?»

«በሁለተኛ ማርሽ ነው የወረድኩት አባባ። ፍሬን የያዝኩት ለኩርባው ብቻ ነው።»

ናፍጣ ከበፊቱ የበለጠ ትጠጣለች፤ አንዋሽም። አሮጌው ሞተር ያልነበረው ታይሚንግ ቺንጋም አለባት፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ካልተቀየረ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል። የምትቀየርበት ኪሎ ሜትር ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ተጽፏል። ከሥሩ ሒሳብ ሠራተኛዋ እህታችን ሌላ መስመር ጨምራለች፦ የፍሬን ዘይት፣ በየሁለት ዓመቱ።

«ጎማ ፈንድቶ ነው» የሚለው ቃል ደግሞ ቤታችን ውስጥ ታግዷል። ፎቶ ካልተያያዘ አንቀበልም።