አዳራሹስ ተሠራ፤ ማን ያበራዋል?

በቴአትር አስተዳደር ኮርስ ላይ መምህራችን «ለኪነ ጥበብ ማዕከል ገንዘብ መስጠት የሚፈልግ ሰው ምን ላይ ቢሰጥ ይሻላል?» ብለው ሲጠይቁ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። መልሱን ከመጽሐፍ አንብቤው አይደለም፤ ደርሶብኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በትውልድ ከተማዬ የቴአትር ክበብ አባል ነበርኩ። የምንለማመደው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ነው። ዝናብ ሲመጣ ድርሰታችንን በሹራባችን ሸፍነን እንበተናለን። ታዲያ አንድ የከተማችን ተወላጅ ነጋዴ «ለልጆቹ አዳራሽ እሠራለሁ» አሉና ቃላቸውን ጠበቁ። ሦስት መቶ ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ መድረኩ ከነመጋረጃው! በምረቃው ዕለት እናቴ ሳትቀር አለቀሰች። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ ተራዬን ጠበቅኩ።

ደስታው ግን ዓመት አልሞላውም። የመብራት ቢል መጣ። ዘበኛው ደመወዙን ጠየቀ። ከድምፅ ማጉያዎቹ አንዱ ተቃጠለ። የቲኬቱ ገቢ እንኳን ለጥገና ለአልባሳት ኪራይም አይበቃም። የክበቡ ጸሐፊ ስለነበርኩ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ይዤ እኚያው ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ቤቱን ሠርቼ ሰጠኋችሁ፤ አምፖሉንም እኔ ልግዛ?» አሉኝ። አፍሬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ የአዳራሹ ኮሚቴ ለስብሰባና ለሠርግ ያከራየው ጀመር፤ እኛም ወደ ዛፋችን ተመለስን። ከሁላችን የሚበልጥ ተዋናይ የነበረው ጓደኛዬ ትምህርቱንም ትቶ የሚኒባስ ረዳት ሆነ።

ለዓመታት ሰውየውን ተቀይሜ ኖርኩ። ቅያሜዬን ያስተወኝ በክፍል ያየነው የማያሚ ከተማ የኪነ ጥበባት ማዕከል ታሪክ ነው። ማዕከሉ በጥቅምት 2006 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት፣ የአንድ የመርከብ ኩባንያ ስም ተሰጥቶት ነበር። ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆይ ወጪው ከገቢው በለጠ። በጥር 2008 እ.ኤ.አ. አድሪያን አርሽት የተባሉ ሴት 30 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተው ደረሱለት፤ ዛሬ የሚጠራው በእሳቸው ስም ነው። ለካ ሀብታም አገርም ቢሆን አዳራሽ መሥራትና አዳራሽ ማኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው!

ሰው ለሚታይ ነገር መስጠት ይወዳል። ግድግዳ ላይ ስም ይቀረጻል፤ የመብራት ቢል ላይ ግን አይቀረጽም። በእኛ ባህል ግን ሌላም መንገድ አለ። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ብሩን ግንባር ላይ የሚለጥፈው ለቤቱ ብሎ አይደለም፤ ለተጫዋቹ ነው። ሀገር ፍቅርም በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ማህበር ነበር፤ ሰዎቹ ቀደሙ፣ ቴአትር ቤቱ ኋላ መጣ።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኛም ነበር። አዳራሽ ስንጠይቅ አንዳችንም የዓመት ወጪውን አልደመርንም። ነጋዴውም ያልተነገራቸውን ከየት ይወቁት?

በመጪው ክረምት ወደ ከተማችን ስመለስ ሁለተኛ ደብዳቤ ይዤ እሄዳለሁ። የመብራቱ፣ የዘበኛው፣ የጥገናው ወጪ አንድ በአንድ ይሰፍርበታል፤ ከሥሩም የቲኬቱና የሠርግ ኪራዩ ገቢ። የሚጎድለውን በየዓመቱ እንዲሞሉልን፣ ለኮሚቴውም አንድ ቃል እንዲናገሩልን እጠይቃለሁ። እንደገና «አምፖሉንም እኔ ልግዛ?» ካሉኝ መልሴ ዝግጁ ነው፦ «አይ ጋሼ፣ አምፖሉን የሠርጉ ኪራይ ይገዛዋል። እርስዎ ብቻ ዓርብ ዓርብ ማታ አዳራሹን ለልጆቹ ያስለቅቁልን።»