ስለ ዝዋይ ደሴቶች ጕዞ በቤታችን የተደረገ ምክር

ለዕረፍት ወጣ ብሎ አገር ማየት ለባለጠጋ ብቻ የተሰጠ ነገር አድርጎ መቍጠር በብዙ ቤት የተለመደ ነው። በእኛ በጉራጌ አገር ደግሞ ሰው መንገድ ከሄደ ወይ ለንግድ ነው፤ ወይ ለለቅሶና ለሠርግ ነው፤ ወይም ለመስቀል ወደ አባቱ ቤት ለመመለስ ነው። አባትና እናት፥ ልጆችና አያት አንድ ላይ ተነሥተው፥ ሌላ ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው፥ አገር ለማየት ብቻ መንገድ ቢጀምሩ ጎረቤት «ምን ነገር ደረሰባቸው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኛ ግን በዚህ ዓመት እንዲህ ያለውን መንገድ ለመጀመር ቈርጠናል። ስለዚህ በቤታችን የተደረገውን ምክርና ክርክር ለአንባቢዎቻችን ብንገልጽ ለሌላውም ቤተ ሰብ ሊጠቅም ይችላል ብለን ይህን ጽፈናል።

የነገሩ መጀመሪያ እንዲህ ነው። የአረቅጥ ብርድ ከምድጃ አጠገብ በሰበሰበን በአንድ ምሽት፥ ዐሥር ዓመት የሆነው ታናሹ ልጃችን በእኅቱ የእጅ ስልክ የደሴቶችን ሥዕል ሲመለከት ቈየና «አባባ፥ እኛስ ደሴት የምናየው መቼ ነው?» ሲል ጠየቀን። ሥዕሉን ተቀብለን ብናይ በህንድ ውቅያኖስ ያሉት የሲሼልስ ደሴቶች ናቸው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነው ጂኦግራፊ ገና ከልባችን አልጠፋምና፥ ሲሼልስ 115 ደሴቶች እንዳሏት፥ ማልዲቭ የሚባለው አገር ደግሞ ከ1,000 በላይ በሆኑ ዝቅተኛ ደሴቶች ላይ የተመሠረተ እንደ ሆነ፥ የዚያም ምድር አማካይ ከፍታ ከባሕሩ በላይ 2 ሜትር እንኳ እንደማይሞላ ለልጆቹ አስረዳናቸው። ልጁ ግን ጥያቄውን አልረሳም፤ «መቼ?» አለን ዳግመኛ።

እኛ የፍርድ ቤት ጸሓፊ ነን። የስድስት ሰው ፓስፖርት፥ የስድስት ሰው የአውሮፕላን ዋጋ፥ የስድስት ሰው ማደሪያ በልባችን ብንደምረው የአንድ ዓመት ደመወዛችን ለመሄጃው እንኳ የሚበቃ አልሆነም። ስለዚህ ወላጅ ሁሉ እንደሚያደርገው «እግዚአብሔር ሲፈቅድ አንድ ቀን እንሄዳለን» ብለን ነገሩን ልንዘጋው ስንል፥ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ጥጥ ይፈትሉ የነበሩት እናታችን ቀና አሉና «አባትህም እንዲህ ይለኝ ነበር» አሉ።

ከዚህ ቃል በኋላ በቤቱ ጸጥታ ሆነ። አባታችን በአዲስ አበባ በመርካቶ ይነግዱ ነበር። በየዓመቱ ለመስቀል በመጡ ጊዜ «በሚመጣው ዓመት ሁላችሁንም ወስጄ የደብረ ዘይትን ሐይቅ አሳያችኋለሁ» ይሉን ነበር። ቃላቸውም ሐሰት አልነበረም፤ በእውነት ያስቡት ነበር። ነገር ግን አንድ ዓመት ዕቃ ይጎድላል፤ ሌላው ዓመት ልጅ ይታመማል፤ እንዲህ ሲባል እርሳቸው ዐረፉ፤ ሐይቁም ሳይታይ ቀረ። እናታችን ይህን ቃል በልባቸው ይዘው እንደ ኖሩ እስከዚያች ምሽት ድረስ አናውቅም ነበር።

በመዝገብ ቤት ሥራ ብዙ ዓመት የቈየ ሰው አንድ ነገር ይማራል። ይኸውም ቀጠሮ ያልተጻፈበት መዝገብ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ የሚቀር መሆኑ ነው። ነገሩ እውነት ቢሆንም፥ ባለጉዳዩም ቢፈልገው፥ ቀን ካልተቈረጠለት ማንም አያነሣውም። «አንድ ቀን» የሚለውም ቃል ቀጠሮ የሌለው መዝገብ ነው። ስለዚህ በዚያው ምሽት ንጹሕ ወረቀት አወጣንና በራሱ ላይ «የቤተ ሰቡ የዕረፍት ጕዞ» ብለን ጽፈን፥ የሚቻለውን መንገድ መመርመር ጀመርን።

የሩቁን ባሕር ብንተው በአገራችን ደሴት አይታጣም። የጣና ደሴቶች ስማቸው የታወቀ ነው፤ ለእኛ ግን መንገዱ እጅግ ይርቃል። ከአረቅጥ ተነሥቶ ወደ ቡታጅራ ከወረዱ በኋላ በስተ ምሥራቅ በቆሼ በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆ የዘለቀ ሰው ግን በዚያው ቀን ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከዝዋይ ከተማ ይደርሳል። በዝዋይ ሐይቅ ውስጥም ቱሉ ጉዶ፥ ፀደቻ፥ ፈንዱሮ፥ ደብረ ሲናና ገሊላ የሚባሉ አምስት ደሴቶች አሉ። ሥፍራው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ8ኛው ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሲሼልስም ደሴቶች በስተ ደቡብ ከ4ኛው እስከ 10ኛው ዲግሪ ገደማ ተበትነው ይገኛሉ። እንግዲህ ፀሐይ ለሁለቱም የምትቀርበው በተመሳሳይ መጠን ነው ማለት ነው። ይህን ለልጁ በነገርነው ጊዜ «የኮኮናት ዛፍ አለበት?» አለ። «የለበትም፤ ጉማሬ ግን አለበት» ብንለው በፍርዱ ረክቶ ተኛ።

የባለቤታችን ክርክር ግን እንዲህ በቀላሉ የሚመለስ አልነበረም። የወጥ ቤታችን ቆርቆሮ አርጅቶ ባለፈው ክረምት ሲያፈስ ከርሟል። ከዕቍብ የሚደርሰን ገንዘብም ለእርሱ ታስቦ ነበር። «ደሴት አይተን ስንመለስ ዝናብ በምድጃችን ላይ ቢወርድ ምን እንላለን?» አለችን። ነገሩ እውነት ስለ ሆነ መልስ አላገኘንለትም። በሌላ ወገን ደግሞ ትልቋ ልጃችን 12ኛ ክፍል ናት። ፈተናዋን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ብትገባ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ስድስታችን በአንድ ገበታ የምንቀመጥበት ቀን ጥቂት ይሆናል። የእናታችንም ጕልበት በየዓመቱ እየደከመ ይሄዳል። ቆርቆሮ በኋላ ሊገዛ ይችላል፤ ይህ ዓመት ግን በኋላ አይገዛም።

በመጨረሻ የተስማማነው ሁለቱንም በማሳነስ ነው። ቆርቆሮው በሙሉ መለወጡ ቀርቶ የበሰበሰው ክፍል ብቻ ከክረምት በፊት ይለወጣል። አምስት ቀን የታሰበው ጕዞ ሦስት ቀን ይሆናል። አምስቱን ደሴት ማየት ቀርቶ ቱሉ ጉዶ ብቻ ይታያል። እኛም በዚህ ዓመት ልናሰፋው ያሰብነውን ካፖርት ትተነዋል፤ አሮጌው ገና ይሞቃል። ለአንባቢዎቻችን ልንነግር የምንወደው የመጀመሪያው ምክር ይህ ነው፤ ዐሳብህ ከኪስህ በበለጠ ጊዜ ዐሳቡን ቀንሰው እንጂ አትሰርዘው።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ቀኑ ሆነ። እኛ በመጀመሪያ ያሰብነው ፍርድ ቤት በክረምት በሚዘጋበት ጊዜ ነበር፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ዝናብ ነው፥ መንገዱም ጭቃ ነው፥ ወዲያውም መስቀል ይደርሳል። እናታችን ደግሞ በቱሉ ጉዶ ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም እንዳለ ስለ ሰሙ ኅዳር 21 ቀን በጽዮን በዓል ካልሆነ አልሄድም አሉ። እኛም ይህን ልመና መቃወም ከብዶን ብዙ ቀን አሰብንበት። በበዓል ቀን ሰው ይበዛል፤ ሰው በበዛበት ቀን ጀልባ ከልኩ በላይ ሊጫን ይችላል፤ እኛ ደግሞ የደጋ ሰዎች ነን፤ ከስድስታችን መዋኘት የሚችል አንድ እንኳ የለም። ይህን ያለ ምንም መሸፋፈን ለእናታችን አስረዳናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «ጽዮን በሌላም ቀን ከቤቷ አትጠፋም» አሉ። ስለዚህ ተማሪዎች የመንፈቅ ፈተናቸውን ጨርሰው ባረፉበት በጥር ወር መጨረሻ፥ ዝናብ በሌለበት ጊዜ እንዲሆን ቀጠሮ ተቈረጠ። እኛም ለአለቃችን የፈቃድ ማመልከቻ አቀረብን።

ስለ ሐይቁ ከመጻሕፍትና ከሚያውቁ ሰዎች ያገኘነውን እነሆ እንገልጻለን። ዝዋይ፥ በሌላ ስሙ ደንበል የሚባለው፥ ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን 9 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከአርሲ ተራሮች የቀታር ወንዝ፥ ከጉራጌ ተራሮች ምሥራቃዊ ገጽ ደግሞ የመቂ ወንዝ ይገቡበታል። እንግዲህ በተራራችን ላይ ከወረደው ዝናብ ከፊሉ ከእኛ ቀድሞ ወደዚያ ሄዷል ማለት ነው። የተረፈውም ውኃ በቡልቡላ ወንዝ ወጥቶ ወደ አቢያታ ሐይቅ ይወርዳል። ነገር ግን ለመስኖ የሚቀዳው ውኃ እየበዛ በመሄዱ አቢያታ እጅግ ተኰማትሯል፤ በዝዋይም ላይ እንቦጭ የሚባለው አረም ታይቷል። ልጆቻችን ሐይቁን ገና ውብ ሳለ አይተው ቢወዱት፥ አድገው ይጠብቁት ይሆናል።

በደሴቶቹ የሚኖሩት የዛይ ሕዝብ ናቸው። ቋንቋቸው ከሴም ቋንቋዎች ወገን ሲሆን ይልቁንም ለስልጤኛ የቀረበ ነው፤ ስለዚህ ከጉራጌ አገር ለሚሄድ ሰው ፈጽሞ ባዕድ አይደሉም። ዓሣ በማጥመድ፥ ሸማ በመሥራትና በተዳፋቱ ላይ በድንጋይ እርከን ያበጁትን መሬት በማረስ ይኖራሉ። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጊዜው ከተለወጠ ወዲህ ብዙዎቹ ከደሴቶቹ ወጥተው በሐይቁ ዳርቻ ሰፍረዋል። ቱሉ ጉዶ ከአምስቱ ትልቁ ደሴት ነው። እንደ አገሩ ትውፊት፥ ዮዲት በአክሱም ላይ በተነሣች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ደሴት ሸሽተው አቈይተውታል። በገዳሙም በግዕዝ የተጻፉ የጥንት የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ። በልጅነታችን በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገምን እኛ ያንን ብራና በዓይናችን ለማየት ያለን ናፍቆት ከልጁ የጉማሬ ናፍቆት አያንስም።

አሁን ደግሞ ለእንዲህ ያለ መንገድ የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ በአጭሩ እንጽፋለን።

አንደኛ፥ ስለ ጀልባ። ሐይቁ ዘወትር በጧት ይረጋል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ በማለዳ ሄዶ ነፋሱ ሳይበረታ መመለስ ይገባል። በውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ለሁሉም ሰው፥ ለሕፃናቱም በልካቸው መኖሩን ገንዘብ ከመክፈል በፊት በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ነው። ከሌለ ከዳር ሆኖ ሐይቁን ተመልክቶ መመለስ እንጂ መሳፈር አይገባም። በቤታችን ወረቀት ላይ ይህ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ባለቤታችንም እንደ ምስክር ፈርማበታለች።

ሁለተኛ፥ ስለ ጤና። ደጋ የኖረ ሰው ወባን የሚቋቋምበት ኀይል በሰውነቱ የለውም፤ ዝዋይ ደግሞ ወባ ያለበት ሥፍራ ነው። አጎበር ይዞ መሄድ፥ በምሽትም እጅና እግርን መሸፈን ያስፈልጋል። ከተመለሱም በኋላ፥ ሳምንታት ቢያልፉም፥ ትኵሳት የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ወደ ቆላ ወርዶ እንደ ነበረ ይንገር። በሐይቁም ዳርቻ በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፈው የቢልሃርዚያ በሽታ ስላለ፥ ልጆች እግራቸውን በውኃው ውስጥ እንዳያስገቡ መከልከል ነው።

ሦስተኛ፥ ስለ ጉማሬና ስለ ወፎች። ጉማሬ ከሩቅ የሚታይ እንጂ የሚቀርቡት እንስሳ አይደለም። ፔሊካንና አባ ኮዳ ግን ዓሣ በሚወጣበት ወደብ ስለሚሰበሰቡ ልጆች ያለ ወጪ ሊያዩአቸው ይችላሉ።

አራተኛ፥ ስለ ስንቅ። ቆጮ ሳይበላሽ ብዙ ቀን ይቈያልና ከዚህ የተሻለ የመንገድ ስንቅ አናውቅም። የቀረውን የሐይቁ ዓሣ ይሞላዋል።

አምስተኛ፥ ስለ ጨዋነት። የሰው አገር የሰው ቤት ነው። ሥዕል ከማንሣት በፊት የባለቤቱን፥ ወደ ገዳም ከመግባት በፊትም የአገልጋዮቹን ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

እነሆ የጕዟችን ዐሳብ እስከዚህ ደርሷል። ትልቋ ልጃችን የወጪውን ሒሳብ ይዛለች፤ መካከለኛው የመንገዱን ካርታ ሥሏል፤ ታናሹም እስከ ጥር የቀረውን ቀን በግድግዳው ላይ በከሰል እየሰረዘ ይቈጥራል፤ ባለቤታችንም ግድግዳውን ስለማቈሸሹ እስከ ዛሬ አልተቈጣችውም። ባለፈው እሑድ ደግሞ እናታችን፥ ማንም ሳይጠይቃቸው፥ ከዘራቸውን ይዘው ልጆቹን አስከትለው በአረቅጥ አቅራቢያ ወዳለው ትንሽ ሐይቅ ወረዱ። ከዳር ተቀምጠው ውኃውን ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። በተመለሱም ጊዜ «ምን አሰቡ?» ብለን ብንጠይቃቸው «አባትህ ቢያየው ደስ ይለው ነበር፤ ለጥር ነጠላዬን እጠቡልኝ» አሉን።

አንባቢ ሆይ፥ በእርስዎም ቤት «አንድ ቀን» የተባለ መንገድ ሳይኖር አይቀርም። ምናልባት ከእኛ መንገድ ያጠረ ይሆናል፤ ምናልባትም ከከተማው ማዶ ያለ ኰረብታ ብቻ ይሆናል። ዛሬ ማታ ቤተ ሰብዎን ሰብስበው ቀጠሮ ይቍረጡለት።