ጅማ በ1933 ዓ.ም. - ከአበባው እስከ ለቀማው

ኅዳር ሳይጋመስ፥ የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ ጅማ አመራን። 350 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ይህ መንገድ ወሊሶንና ወልቂጤን ካለፈ በኋላ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ደጋው ቀርቶ ቆላው በሙቀቱ ሲቀበለን ከመኪናችን ወርደን በወንዙ ዳር ጥቂት ቆምን። የዛሬ መንገደኛ ጊቤን በድልድይ ላይ በአንድ አፍታ ይሻገረዋል፤ በ1933 ዓ.ም. ግን የብዙ ሰው ደም የፈሰሰበት በር ነበረ። ለአንባብያን ቤተ ሰቦቻችን ልንተርከው የወደድነውም የዚያን ዓመት ነገር ነው።

የዚያን ዓመት ታላላቅ ቀኖች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ጥር 12 ቀን፥ በቃና ዘገሊላ ዕለት፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል የአገራቸውን ምድር ረገጡ። መጋቢት 28 ቀን የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዕለት ደብረ ማርቆስ ገቡ። ሚያዝያ 27 ቀን፥ ጠላት አዲስ አበባን በያዘ በአምስተኛው ዓመት፥ ወደ ዋና ከተማቸው ተመለሱ። ብዙዎቻችን ታሪኩን ከዚህ ላይ እንዘጋዋለን። ለጅማ ሰው ግን ገና 47 ቀን ይቀረው ነበር።

ይህም የሆነበት ምክንያት አለው። ጅማ በወረራው ዘመን ጠላት ደቡብ ምዕራቡን ሁሉ የሚገዛበት ዋና ከተማ ነበረች። ግንቦት 11 ቀን የኢጣልያ እንደራሴ የነበረው የአኦስታ መስፍን በአምባ አላጌ እጁን ሲሰጥ ሥልጣኑ በጅማ ለነበረው ለጄኔራል ጋዜራ ተላለፈ። በሰሜን አፍሪካም በዚያው ዓመት ታላቅ ነገር ይደረግ ነበር። በሊብያ ምድር በጥር ወር መጨረሻ የኢጣልያ ጦር ድል ሆነ፤ ነገር ግን ወዲያው የጀርመን ጦር በሮሜል እየተመራ ስለ መጣ፥ እንግሊዞች በእኛ አገር የነበሩትን የሕንድና የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ወደ ግብጽ አዛወሩ። የጠላት አዛዦች እዚህ የሚታገሉትም የእንግሊዝን ጦር ከዚያ ለማዘግየት ነበረ። ስለዚህ የጅማ ነጻ መውጣት ከምሥራቅ አፍሪካና ከናይጄሪያ በመጡ ወታደሮችና በገዛ አርበኞቻችን ትከሻ ላይ ወደቀ።

እኛ በቆምንበት በጊቤ ማዶ የአበልቲ ከፍታ ይታያል። ጠላት መድፉን ጠምዶ የጠበቀው በዚያ ነው። ዝናሙ ጀምሮ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፥ የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ግንቦት 28 ቀን በታንኳ ተሻግረው ከፍታውን ያዙ። ወደ ታች ኦሞ በሚባልበት በኩልም ናይጄሪያውያን ተሻገሩ። የእነዚህን የሩቅ አገር ልጆች ስም ዛሬ በወንዙ ዳር የሚያነሣ አይገኝም፤ እኛ ግን በልባችን አስበናቸው አለፍን።

ሰኮሩንና አሰንዳቦን አልፈን ከቀትር በኋላ ጅማ ገባን። በማግሥቱ ከከተማው በላይ ወደ ጅሬን ኮረብታ ወጣን። ከ1870 ዓ.ም. ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ ጅማን የገዙት የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በዚያ ይገኛል። እኒህ ሰው ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ተስማምተው፥ ግብር እየከፈሉ፥ አገራቸውን ከጦርነት ያዳኑ ብልህ ገዥ ነበሩ። ከኮረብታው ላይ ሆኖ ከተማውን ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የ1933ቱ ሰኔ ይታየዋል። የደጃዝማች ገረሱ ዱኪ አርበኞች ዙሪያውን ከበዋል፤ ጋዜራ ወደ ምዕራብ ሸሽቷል፤ ሰኔ 14 ቀንም ጅማ ከጠላት እጅ ወጣች። ጋዜራ ራሱም በሰኔ ማብቂያ በደምቢ ዶሎ ከቤልጅግ ኮንጎ ለመጣው ጦር እጁን ሰጠ።

ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተጉዘን አጋሮ ስንደርስ የለቀማው ወራት ነበረ። በዋንዛና በቢርቢራ ጥላ ሥር እናቶችና ልጆች ቅርጫታቸውን አንግተው ቀይ እሸቱን ይለቅማሉ፤ በየደጁ ጀንፈል ተሰጥቷል። አንድ እስላም ሽማግሌ ከነመንገድ ትቢያችን ተቀብለው፥ ቡና አስፈልተው፥ የቡናን ጠባይ አስረዱን። ቡና በበጋው መጨረሻ የመጀመሪያው ዝናም ሲነካው እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ያብባል፤ አበባው በጥቂት ቀን ይረግፋል፤ ፍሬው ግን ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ይቆያል። የቸኮለ ሰው አረንጓዴውን ቢለቅም ልፋቱን ያጣል።

ይህን ስንሰማ የቀኖቹ ቁጥር በአሳባችን መጣ። በ1933 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ በዚህ አገር ቡና ሲያብብ የጠላት ባንዲራ በጅማ ይውለበለብ ነበር። ፍሬው ቀልቶ በ1934 ዓ.ም. ኅዳር ሲለቀም ግን ባንዲራው ወርዶ ነበር፤ በዚያው ወር በ18ኛው ቀንም ጎንደር የቀረው የመጨረሻው የጠላት ጦር እጁን ሰጠ። አበባውን በባርነት ያየ ገበሬ ፍሬውን በነጻነት ለቀመ።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ሚያዝያ 27 ቀንን ለልጆቻችሁ ስትነግሩ ሰኔ 14 ቀንንና ኅዳር 18 ቀንንም ጨምሩላቸው። ነጻነት በአንድ ቀን አብቦ ለሁሉም በአንድ ቀን አልደረሰም፤ ለአንዱ ፈጥኖ ለሌላው ዘግይቶ ደረሰ። ቀድሞ የደረሰለትም ገና የሚጠብቀውን ወንድሙን እንዳይረሳ፥ የጅማ ቡና በየማለዳው ሲፈላ ያሳስበን።