ፊደላችን በማሽን ቤት

ሰው ምን እንደሚወድ ሲጠየቅ ለሙያው የሚስማማውን መርጦ መመለስ የተለመደ ነው። ገጣሚው መጽሐፍ፣ ተዋናዩ መድረክ፣ ሠዓሊው ቀለም እወዳለሁ ይላል። እኔም ስጠየቅ እስከ ዛሬ የመለስሁት ይህንኑ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ከመጽሐፉና ከመድረኩ ቀጥሎ በሕይወቴ ሰፊ ቦታ የያዘው መሣሪያ ነው። በልጅነቴ የቤታችንን ሬዲዮ በካቻቢቴ ፈትቼ መልሼ መግጠም ባለመቻሌ የተቀጣሁት ቅጣት ከዚህ ፍቅር አላራቀኝም። ዛሬም አዲስ ስልክ በእጄ ሲገባ ከመደወሌ በፊት የማደርገው ነገር፣ በአማርኛ ምን ያህል እንደሚጽፍ መፈተን ነው።

መሐንዲስ አይደለሁም። የማቀርበውም አስተያየት የባለሙያ ሳይሆን የወዳጅ ነው። ሆኖም ወዳጅም ቢሆን አብሮት ከኖረው ነገር የሚማረው አያጣም። በእኔ ላይ የደረሰው በፊደላችን በሚጽፍ በማናቸውም መምህር፣ የቢሮ ሠራተኛና ከያኒ ላይ ሊደርስ የሚችል በመሆኑ፣ ለአንባብያን ማካፈሉ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአጎቴ የጽሕፈት መኪና ነው። አጎቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ አንድ ያረጀ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ገዝተው፣ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ እየጻፉ ይተዳደሩ ጀመር። ለላቲን ፊደል የተሠራውን መኪና ለእኛ ፊደል እንዲያገለግል በማድረግ ረገድ ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። ችግሩ ቀላል አልነበረም። የላቲን ፊደል 26 ነው፤ የእኛዎቹ 33 ፊደላት ግን በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይደርሳሉ። ዲቃሎቹና አኀዞቹ ሲጨመሩበት ከዚያም ያልፋል። ይህን ሁሉ በአንድ ገበታ ላይ መደርደር ስለማይቻል፣ የተገኘው መላ የፊደሉን አካል አንድ ጊዜ፣ ቅጥሉን ሌላ ጊዜ መምታት ሆነ። በዚህም ምክንያት ፊደሉ መልኩን በመጠኑ አጣ። ይሁን እንጂ አጎቴ የጻፉትን ማመልከቻ ማንም አንሥቶ ያነበው ነበር። ወረቀቱ በየትኛው መኪና እንደ ተጻፈ አንባቢውን አይጠይቅም። የዚህን ነገር ዋጋ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያ ተውኔቴን በኮምፒዩተር ጻፍሁ። ባለ አንድ ገቢር ሲሆን፣ ከተማ ገብቶ ስለ ቀረ ልጅና የእሱን መመለስ ስለሚጠብቅ የትምህርት ቤት ዘበኛ አባቱ የሚናገር ነበር። በኮምፒዩተር ክፍሉ በር ላይ ተራ እየጠበቅሁ በብዙ ምሽቶች ከጨረስሁት በኋላ፣ 1.44 ሜጋባይት በምትይዝ ፍሎፒ ዲስክ ላይ ገለበጥሁት። ለተዋንያኑ ጥቂት ቅጂዎች ታተሙ፤ በግቢው አዳራሽም ሁለት ምሽት ታየ። ፍሎፒዋን በደረት ኪሴ ይዤ ስሄድ ሥራዬን ለዘለዓለም ያስቀመጥሁ መስሎኝ ነበር። ወረቀቶቹ የት እንደ ደረሱ እንኳ አልጠየቅሁም። ማሽን እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል ብዬ ነበርና።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ ተውኔቱን አሻሽዬ ለማሳተም ፈለግሁ። ፋይሉ አልጠፋም፤ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ሲገለበጥ ኖሯል። ስከፍተው ግን የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክትና በራሳቸው ላይ ጭረት የተሸከሙ የፈረንጅ ፊደላት ተግተልትለው ወጡ። ከዘበኛው ቃል አንድም የሚነበብ አልነበረም።

የሆነው እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። እያንዳንዱ ፊደል በቁጥር ይመዘገባል፤ ቁጥሩም በሚታይበት ጊዜ ወደ ቅርጽ ይለወጣል። በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው አስኪ የተባለው ሥርዐት ለፊደልና ለምልክት ያዘጋጀው 128 ቁጥር ብቻ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሲሰፋም 256 ደረሰ። ከዚህ ውስጥ ለእኛ ፊደል የተመደበ አልነበረም። ስለሆነም በዘመኑ የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩ ሰዎች ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው፣ ለአውሮፓ ፊደላት የተመደበውን ቁጥር ወስደው የእኛን ፊደል ቅርጽ አለበሱት። በመስኮቱ ላይ «ሀ» ይታያል፤ በውስጥ የተቀመጠው ግን የሌላ ፊደል ቁጥር ነው። እያንዳንዱም ሠሪ ቁጥሩን በራሱ መንገድ ስላደለ፣ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። በመድረክ ቋንቋ ለማስረዳት ያህል፣ ፊደላችን በተከራየ ልብስ ይጫወት ነበር ማለት ይቻላል። ልብሱን ባለቤቱ ሲወስደው ተዋናዩ ማን እንደ ነበረ የሚያውቅ ጠፋ።

ይህን ስል እነዚያን ሠሪዎች ለመውቀስ አይደለም። እነሱ ባይደፍሩ ኖሮ እኔም ያን ተውኔት በኮምፒዩተር አልጽፈውም ነበር። ለችግሩ ዘላቂ መፍትሔ የሆነው የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ የቁጥር ሰንጠረዥ የሚያሰፍረው ዩኒኮድ ነው። የሐሳቡ ረቂቅ በጆ ቤከር የቀረበው በ1988 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ፊደላችን በሰንጠረዡ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። በዚያ ጊዜ 345 ምልክቶች የራሳቸው ቁጥር አገኙ። ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ወክሎ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ማስተላለፍ የሚያስችል ሥርዐት አዘጋጅተው ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። በ2021 እ.ኤ.አ. ለጉራጊኛ አጻጻፍ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ቦታ አግኝተዋል። ልብ ይበሉ፤ እኔ ተውኔቴን ስጽፍ ሰንጠረዡ ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። በእጄ የነበረው ማሽን ግን አላወቀውም። እኔም አላወቅሁትም።

ተውኔቱ የተገኘው ከወረቀት ነው። የዘበኛውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ጓደኛዬ ከምረቃ በኋላ በአንዲት የገጠር ከተማ መምህር ሆኖ ነበር። እኔ ፋይሉን መፈለግ ስጀምር እሱ በሕይወት አልነበረም። ባለቤቱ ከመጻሕፍቱ መካከል የልምምድ ቅጂውን አግኝታ ላከችልኝ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች ተገንጥለው ጠፍተዋል። የቀሩት ግን በእርሳስ ነጠብጣብ የተሞሉ ነበሩ። ጓደኛዬ ጠብቀው መነበብ በሚገባቸው ፊደላት ራስ ላይ ሁሉ ነጥብ አስቀምጧል።

የአማርኛ አጻጻፍ ማጥበቅና ማላላትን እንደማያሳይ የታወቀ ነው። «ዋና» ሲላላ በውሃ ላይ የሚዋኙት ነው፤ ሲጠብቅ ግን የበላይ የሆነው ነው። «ሰፊ» ሲላላ መርፌ የያዘው ባለሙያ ሲሆን፣ ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ ነው። አንባቢ ከአገባቡ ይረዳዋል፤ ተዋናይ ግን ከአፉ ሳይወጣ በፊት መወሰን አለበት። በተውኔቴ ውስጥ መንደርተኞቹ ልጁ እንደ ሞተ ሲያወሩ ዘበኛው የሚመልሳት አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ «ልጄ አለ።» ጓደኛዬ በ«ለ» ራስ ላይ ነጥቧን ሁለት ጊዜ አጥብቆ አስቀምጧታል። እርሳሱ ወረቀቱን ሊቀድደው ጥቂት ነበር የቀረው።

ተውኔቱን በዩኒኮድ እንደ ገና ጻፍሁት። እናቴ የአማርኛ መምህርት የነበረች ሲሆን ዛሬ ዐይኗ ደክሞ ማንበብ አትችልም። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ አንድ ፕሮግራም ስላገኘሁ፣ እንደ ማንኛውም የመሣሪያ ወዳጅ በኩራት ተሞልቼ ስልኩን ከአጠገቧ አድርጌ የልጇን ሥራ እንድትሰማ ጋበዝኋት። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። እናቴም በጽሞና ታዳምጥ ነበር። «ልጄ አለ» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ማሽኑ አላልቶ አነበበው። እናቴ ጥቂት ጠብቃ፣ «ምን አለ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ሁለታችንም ሣቅን። ሌሊቱን ግን ጥያቄዋ ከጆሮዬ አልወጣም። የአንድ አባት ተስፋ በአንዲት ነጥብ ጉድለት ወደ ተራ ወሬ ተለውጦ ነበር። የማጥበቂያው ምልክት በ2005 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ የራሱን ቁጥር አግኝቷል። እኔ የምጠቀምባቸው የፊደል ገበታዎች ግን አያቀርቡትም፤ እኛም አንጠይቅም። ጓደኛዬ በእርሳስ የሠራውን ማሽኑ እንዲሠራ ቦታው ከተዘጋጀ ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል እንኳ ባዶ ወንበር ሆኖ ይጠብቀን ነበር።

ከዚህ የተነሣ በበኩሌ የደረስሁበት አስተያየት፣ የዛሬው ችግር ከማሽኑ ይልቅ በእኛ ልማድ ላይ ያረፈ ነው የሚል ነው። ጥቂት ምሳሌ ላቅርብ። አራት ነጥብ በዩኒኮድ አንድ ራሱን የቻለ ምልክት ነው። ብዙዎቻችን ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትተን እናልፋለን። ለዐይን አንድ ይመስላል፤ ለማሽኑ ግን ዐረፍተ ነገሩ አላለቀም። እንደዚሁም «ፀሐይ» የሚለው ቃል ድምፁ ሳይለወጥ በሁለቱ «ጸ» እና በስድስቱ የ«ሀ» ዓይነቶች በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ሞክሼዎቹን አንድ አድርጎ የማያይ የፍለጋ ፕሮግራም በአንደኛው ሲጠይቁት አሥራ አንዱን ይደብቃል። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለው ክርክር አሮጌ ነው። እኔ ከማይቀንሱት ወገን ነኝ፤ የቃላችን የትውልድ ታሪክ በውስጣቸው ስላለ፣ እነሱን ከመሠረዝ ይልቅ ዝምድናቸውን ለማሽኑ ማስተማር ይሻላል እላለሁ።

ስለ መዝናኛም አንድ ነገር ልበል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር በእኛ በከያንያን ዘንድ ብዙ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። የሥራ ገበያችን ይጠብባል የሚለውን ስጋት እጋራው ነበር፤ ዛሬም ከንቱ ነው አልልም። ሆኖም አንድ ምሽት ድራማውን ስመለከት ያስገረመኝ የአንባቢዎቹ ጥበብ ነው። አማርኛ ግሡን በመጨረሻ ያስቀምጣል፤ የባዕዱ ከንፈር ግን ቀድሞ ተናግሮ ይዘጋል። በዚያ ጠባብ ጊዜ ውስጥ ቋንቋውን ሳይሰብሩ ማስገባት ትልቅ ልምምድ ነው። ከተቃወምነው ነገር እንኳ የምንማረው እንዳለ በዚያ ምሽት ተገነዘብሁ።

ስለ ቃላትም እንዲሁ። ስልኬን ወደ አማርኛ ከለወጥሁት በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ግራ ተጋብቼ ወደ እንግሊዝኛው ልመልሰው ነበር። ታግሼ ስቀጥል ግን ቃሎቹ ለመዱኝ። «ኮምፒዩተር» የሚለውን ቃል የሚጸየፉ ወዳጆች አሉኝ። እነሱን የማስታውሳቸው «ስልክ» ከዐረብኛ፣ «መኪና» ከጣሊያንኛ መጥተው ዛሬ ባለ አገር መሆናቸውን ነው። ቋንቋን የሚያደኸየው የእንግዳ ቃል መግባት አይደለም፤ በቋንቋው የሚሠራው ሥራ ማነስ ነው።

ይህም አሁን ካለንበት ዘመን ጋር በቀጥታ ይያያዛል። የጉግል ተርጓሚ አማርኛን የጨመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኦሮምኛና ትግርኛም በ2022 ተከትለዋል። እነዚህ ፕሮግራሞች ቋንቋን የሚማሩት በየአገሩ ሰዎች ጽፈው ካስቀመጡት ጽሑፍ ነው። መምህሩ የማስተማሪያ ጽሑፉን፣ የቢሮው ሠራተኛ ቃለ ጉባኤውን፣ ደራሲውም ድርሰቱን በአሮጌው የተከራየ ልብስ እንዳለ ከተወው ማሽኑ አያነበውም። የልጅ ልጆቻችንም አያነቡትም። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ እንደ እኔ ተውኔት ዲዳ ሆነው የተቀመጡ ፋይሎች እንዳሉ አልጠራጠርም። የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ የማንም ሳይሆን የእኛ የባለቤቶቹ ሥራ ነው።

እኔ ከዚያ ወዲህ ሦስት ልማድ አለኝ። በዩኒኮድ እጽፋለሁ፤ አራት ነጥቡን በአንድ ምት አስቀምጣለሁ፤ የጨረስሁትን ሥራ ደግሞ አንድ ቅጂ በወረቀት አትሜ ጠብቆ በሚነበበው ፊደል ላይ በእርሳስ ነጥብ አደርግበታለሁ። የጠፉትን ሁለት ገጾች እንደ አዲስ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። በሃያ ዓመቴ የጻፍሁትን መጨረሻ ግን ማስታወስ አልቻልሁም። ልጁ ይመለስ አይመለስ እንደ ነበር የሚያውቀው ዘበኛውን የተጫወተው ጓደኛዬ ነበር።

ስለዚህ ተውኔቱ አሁን የሚያበቃው ወረቀቱ በሚያበቃበት ቦታ ነው። ባለፈው ሰሞን ለእናቴ ራሴ አነበብሁላት። «ልጄ አለ» የሚለው ላይ ስደርስ አጥብቄ አነበብሁ። በዚህ ጊዜ ምንም አልጠየቀችኝም።