ከደብረ ብርሃን እስከ አልዩ አምባ፤ በብስክሌትና በእግር



ጉዞ ሲባል ለብዙዎቻችን በመጀመሪያ የሚታወሰን የመኪና ተራው ግርግር፣ የረዳቱ ጩኸትና የወንበር ሽሚያው ነው። ከተሳፈርን በኋላም ብርድ እንዳይገባ መስኮቱን ዘግተን፣ ግማሹን መንገድ ተኝተን እንደርሳለን። ስንመለስ «አገሩ እንዴት ነው?» ብሎ ለሚጠይቀን ሰው የምንመልሰው አይኖረንም። በዛሬው ጽሑፋችን የምናስጎበኛችሁ መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በአንኮበር በኩል ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ፣ ግማሹ በብስክሌት ግማሹ በእግር የሚኬድ፣ የሞተር ድምፅ እየራቀ የወፍ ድምፅ የሚቀርብበት የጥንት ነጋዴዎች መንገድ ነው።

የጉዞው መነሻ

በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» የተሰኘው ከመኪና ነፃ ቀን ተጀምሮ ነበር። ተማሪዎቻችን በዚያን ዕለት በሰፊው አስፋልት ላይ ብስክሌት ሲነዱ ዋሉና በማግስቱ ክፍል ውስጥ ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። ከመካከላቸው አንዱ «ኡስታዝ፣ መኪና የሌለበት መንገድ ፈልገን ለምን አንሄድም?» አለን። ሌላው ደግሞ ቀደም ሲል በታሪክ ክፍለ ጊዜ «ሙስሊሙ ወደ ሸዋ የገባው መቼ ነው?» ሲል ጠይቆን ነበር። ለሁለቱም ጥያቄዎች አንድ መልስ የሚሆን መንገድ እንዳለ እናውቅ ስለነበር፣ በጥር ወር የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ ሁለት መምህራንና አራት ተማሪዎች ሆነን ተነሳን። ብስክሌቶቻችንን በመኪና ጣሪያ ላይ አስጭነን፣ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ወደ ደብረ ብርሃን አመራን።

በደጋው ላይ

ደብረ ብርሃን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን የተቆረቆረች፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋና በብርዷ የምትታወቅ ከተማ ናት። በጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ለፈጅር ሰላት ስንነሳ በመስጂዱ ግቢ የነበረው የውዱእ ውኃ እጃችንን አደነዘዘው። ፀሐይ ወጥታ ሣሩ ላይ ያለው ነጭ ውርጭ እስኪቀልጥ ጠበቅንና ወደ አንኮበር የሚወስደውን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ተያያዝነው።

ከከተማዋ እንደወጣን የመኪናው ብዛት ቀነሰ። በግማሽ ሰዓት አንድ ሚኒባስ ወይም አንድ አይሱዙ ያልፈን ይሆናል እንጂ የቀረው መንገድ የበግ፣ የአህያና የእግረኛ ነው። ግራና ቀኙ የተወቃ የገብስ አውድማ፣ የጭድ ክምር፣ በድንጋይ የተካበ አጥርና ለማገዶ የተደረደረ ኩበት ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሿ ዳገት እንኳን ትንፋሽ ታስቆርጣለች። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ሲሽቀዳደሙ የነበሩት ከአሥር ኪሎ ሜትር በኋላ ተደርድረው በዝግታ መንዳት ጀመሩ። የብስክሌት ጥሩነቱም እዚህ ላይ ነው። የአገሩ አቀማመጥ የሚፈቅደውን ያህል ብቻ ነው የሚያስኬደው።

እኩለ ቀን ሲቃረብ የአንዱ ተማሪ ጎማ ተነፈሰ። ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብለን ካላማዳሪያውን በማስቲሽ ስንለጥፍ አንድ አዛውንት ገበሬ ከማሳቸው መጥተው ቆሙብን።

«ወዴት ናችሁ ልጆቼ?» አሉን።

«ወደ አልዩ አምባ ነን አባባ» አልናቸው።

«ታዲያ ይህን ብረት እናንተ ተሸክማችሁት ነው ወይስ እሱ ተሸክሟችሁ?» ብለው ሳቁና ወደ ቤታቸው ጋበዙን። ጠላ ሊቀዳ ሲል የልጅ ልጃቸው «እስላሞች እኮ ናቸው» ብሎ አንሾካሾከ። አዛውንቱም «እንዴ! ታዲያ እርጎ አምጡላቸዋ» ብለው እርጎና ትኩስ የገብስ ቂጣ አስቀረቡልን። ዙህርን በግቢያቸው ስንሰግድ ውሻቸውን አስረው፣ ልጆቹን ዝም አሰኝተው ጠበቁን። እንግዳን እንዲህ የሚቀበል ሰው ከዚህ በፊትም ሙስሊም እንግዳ ገብቶበት እንደሚያውቅ አያጠራጥርም።

አፋፉ ላይ

ሜዳው ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ካለ በኋላ በድንገት ይቆረጥና ከእግር ሥር ገደል ይሆናል። የሸዋ ደጋ የሚያበቃው እዚህ ነው። በስተ ምሥራቅ ተራራው ደረጃ በደረጃ እየወረደ፣ በጭጋጉ መካከል እስከ አፋር በረሃ ይታያል። ተማሪዎቻችን «ሱብሃነላህ!» ከማለት በስተቀር ቃል አልወጣቸውም። በገደሉ ጫፍ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሣር ይግጣል፤ በሰማዩ ጥንብ አንሳ ክንፉን ዘርግቶ ያንዣብባል። በዚህ አካባቢ እ.ኤ.አ በ1979 ለሳይንስ ዓለም የተገለጸች፣ በአንኮበር ስም የተጠራች አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። መገኛዋ አገራችን ብቻ ናት። ወደ ሰሜን ደግሞ ከአገራችን የቀሩት ጥንታዊ ደኖች አንዱ የሆነው ወፍ ዋሻ ከተራራው ጎን ተለጥፎ ይገኛል። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ፣ ከፍ ሲል ደግሞ አስታ የሞላበት ነው። በዙሪያው ያለው ሕዝብ ማገዶ ከየት እንደሚያመጣ ላየ ሰው ይህ ደን እስከ ዛሬ መቆየቱ የአላህ ጸጋ ነው፤ ወደፊት መቆየቱ ግን የእኛ ኃላፊነት ነው።

አንኮበር ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ የገዙት፣ ዐፄ ምኒልክም ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ከመዛወራቸው በፊት የተቀመጡት እዚሁ ነው። የዛሬዋ የወረዳው ዋና ከተማ ጎረቤላ ናት። ከጎረቤላ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ለብስክሌት ፍሬን የሚበረታ ስለሆነ ብስክሌቶቹን አደራ ሰጥተን የእግር መንገዱን ያዝን።

የጨው መንገድ

ይህ የእግር መንገድ ዛሬ ፀጥ ያለ ቢሆንም ከ180 ዓመት በፊት ከባሕር ወደ ሸዋ የሚያስገባ ዋና በር ነበር። የአፋር ነጋዴዎች ከታጁራ ወደብ ተነስተው፣ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ ከሚገኘው ከአሳል ሐይቅ ጨው በግመል ጭነው፣ በረሃውን ለሳምንታት አቋርጠው ወደ አልዩ አምባ ይመጡ ነበር። ግመል ዳገቱን ስለማይወጣ ከዚያ ወዲያ ሸክሙን አህያና በቅሎ ይረከቡታል። ጨውና ጨርቅ ሲወጣ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ማር ይወርዳል። ታሪክን በሐቅ መናገር ይገባልና ሰውም እንደ ዕቃ ተነድቶበታል። በአቅራቢያው በነበረው የአብዱል ረሱል ገበያ ባሪያ ይሸጥ ነበር።

እንግሊዛዊው ካፒቴን ሐሪስ እ.ኤ.አ በ1841 ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ለመፈራረም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። በቀጣዩ ዓመት ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን መጥቶ በአልዩ አምባ ተቀምጧል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦም በ1887 ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ አንኮበር ገብቷል።

ለታሪክ ጠያቂው ተማሪያችን መልሱን የነገርነው ቁልቁለቱን ስንወርድ ነው። የኢፋት ሡልጣኔት የወላስማ ሥርወ መንግሥት የተመሠረተው እ.ኤ.አ በ1285 ነው፤ ከአንኮበር መቆርቆር 500 ዓመት ያህል ቀድሞ ማለት ነው። በሣህለ ሥላሴ ዘመንም ቢሆን ይህን የቆላ በር ለክርስቲያኑ ንጉሥ የሚጠብቁት ወላስማ መሐመድ የተባሉ ሙስሊም ሹም ነበሩ። «እና ሙስሊሙ እንግዳ አይደለማ!» አለ ልጁ። እንግዳ አይደለም። ደጋው ያለ ቆላው ጨው፣ ቆላውም ያለ ደጋው እህል አይኖርም ነበር።

አልዩ አምባ

ስንወርድ ገብሱ ለጤፍና ለማሽላ ቦታውን ለቀቀ፤ ጃኬታችንንም አወለቅን። መንገዱ ላይ ያገኘናቸው አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ሸክማቸውን አዝለው ወይም አህያ እየነዱ ከገበያ የሚመለሱ እናቶች፣ እኛ ለሽርሽር ብለን የምንወርደውን ቁልቁለት በየሳምንቱ ለኑሮ ይወጡታል። ከመካከላቸው አንዷ አርጎባ እናት የምንጩን መንገድ ካመለከቱን በኋላ «እግራችሁን ወደ ጎን አድርጉ፤ ጉልበታችሁ ይተርፋል» ብለው አወራረድ አስተማሩን። ያንን ምክር ከምንም የስፖርት መጽሐፍ አላገኘነውም።

አርጎባዎች በሽመናና በንግድ የታወቁ፣ ከአማርኛ ጋር የሚቀራረብ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሙስሊም ሕዝቦች ናቸው። አልዩ አምባ በአምባዋ ላይ ተቀምጣ ስትታይ ያንን ሁሉ የንግድ ግርማ የያዘች አትመስልም። ነገር ግን የመግሪብ አዛን ሲሰማ፣ ድምፁም ወደ አንኮበር ተራራ ሲወጣ፣ ልጆቹ ሳይነገራቸው ዝም አሉ። ያን ሌሊት ያደርነው ከዚያ በፊት አይተውን በማያውቁ ሰዎች ቤት፣ ምንም ሳንከፍል ነው።

ለሚሄድ ሰው

ይህን መሰል ጉዞ ለሚያስቡ ወጣቶች ጥቂት ምክር እንለግሳለን። ብስክሌቱ ፍሬኑ የተፈተሸ ይሁን፤ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽና መንፊያ ይያዝ። በሶና ተምር ለመንገድ ይበቃሉ። ከፍታው ስለሚያደክም በመጀመሪያው ቀን አትቸኩሉ። ከቤተሰብ ጋር ለሚሄዱ እህቶቻችንና ለሕፃናት ደግሞ ከጎረቤላ እስከ ጥንቱ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ያለው የእግር ጉዞ ደስ የሚል ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ መንገድ የሚፈልገው ስንቅ ሰላም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት የሰሜን ሸዋ መንገዶች እንደ ልብ የሚኬድባቸው አልሆኑም። ስለዚህ ማንም ሰው የአካባቢውን ነዋሪዎች ሳይጠይቅ እንዲነሳ አንመክርም። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ቆርቆሮ ይከልለዋል። በብስክሌትና በእግር የሚሄድ መንገደኛ ግን የሚከልለው በመንገዱ ዳር ያለው ሰው ደግነት ብቻ ነው። የጨው ነጋዴውም ያን ሁሉ በረሃና ዳገት ያለፈው አፋሩ፣ አርጎባውና አማራው እርስ በርስ ሲተማመኑ ነው። መተማመኑ ሲጠፋ መንገዱም ይዘጋ ነበር።

በአውሮፓ ቤልጂየም፣ ሉክሰምበርግና ጀርመን ባቡር የተወውን የፌንባን ሐዲድ 125 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መንገድ አድርገውታል። የእኛ መንገድ አዲስ ሥራ ብዙም አያስፈልገውም፤ አባቶቻችን ረግጠው አስተካክለውታል። የሚያስፈልገው ጎርፍ እንዳይበላው መጠበቅ፣ ምንጮቹን ማጽዳት፣ ታሪኩን ለልጆች መንገርና የሚሄድበት ሰው ነው። እናንተ ወላጆች ለልጆቻችሁ የአልዩ አምባን ስም ዛሬውኑ ንገሯቸው። አላህ ሰላሙን ሲያመጣልን መንገዱን የሚያውቅ ትውልድ ይኖራል፤ ኢንሻአላህ።